ስንዝር የማትሞላ ገመድ

የእናቴ ግራ ጎን የአባቴ ቦታ ነው ብዬ አምን ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴው ነኝ የደረስኩበት። መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ በቀኟ ነኝ። ተሳስቼ በግራዋ ከዞርኩ ትከሻዬን ይዛ ትመልሰኛለች። የትም ቤት ብንገባ የምትቀመጠው ግድግዳው በግራዋ በሚሆንበት ወንበር ላይ ነው። አባቴ የሞተው ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ስለነበር፣ ቦታውን ለሌላ ሰው መስጠት አልሆንላት ብሎ ነው አልኩና ነገሩን ዘጋሁት። እንዲያውም እኮራበት ነበር። የጎረቤት ሴቶች በሕይወት ካሉ ባሎቻቸው ጋር ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ የኔ እናት ግን የሞተውን ባሏን ቦታ ታስከብራለች።

አንዳንዴ ደግሞ ስጠራት ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች። «እማ! እማዬ! ኧረ እማ!» ዝም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ደርሳብኝ ተቀይማኛለች ማለት ነው ብዬ፣ ፊት ለፊቷ እሄድና ጥፋቴን እዘረዝራለሁ። በዚህ አካሄድ የተሰበረውን ብርጭቆ፣ ከመሳቢያ የጠፋውን መቀስ፣ ያልሠራሁትን የቤት ሥራ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ በገዛ አፌ ተናዝዣለሁ። እሷም መጀመሪያ በድንጋጤ ታየኝና ከዚያ ትቀጣኛለች። እንዲህ እየሆነ ነው ጨዋ ልጅ ሆኜ ያደግሁት።

እናቴ ታይፒስት ነበረች። ዝም ብላ ታይፒስት አይደለችም። ጣቶቿ ፊደሎቹን ሳታይ ያውቋቸዋል፤ እየመታች ከሰው ጋር ታወራለች፣ እየመታች ትስቃለች፣ ስህተት ግን የለም። ይሁንና መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛው ሁሉ ኮምፒውተር ሲያድል የመተየቢያ ክፍሉን ዘጋው፤ እሷም ቤት ተቀመጠች። ስምንት ወር። ቤት ውስጥ ጣቶቿ ሥራ ፈተው ጠረጴዛው ላይ ሲንቀሳቀሱ አያለሁ። አንድ ቀን «ምን እየጻፍሽ ነው?» ብላት «ማመልከቻ» አለችኝ።

በስምንተኛው ወር አንድ ቦታ ተገኘ። የምርመራ ኮሚቴዎች ሰው ጠርተው ሲጠይቁ የሚቀረፀውን ድምፅ እያዳመጠ ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ ሠራተኛ ይፈለጋል፤ አንድ ሰው ብቻ። ፈተናው ሰኞ ነው። ለተፈታኞች የመለማመጃ ሲዲ ሰጥተዋቸዋል፤ የክፍሉ ኃላፊም «በማዳመጫ ነው የምትሠሩት፤ የሰው ምስጢር በስፒከር አይከፈትም» ብለው አስጠንቅቀዋል። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ጥቁር አለ። ፈተናውን ፈርታ ነው ብዬ አዘንኩላት። «አንቺን የሚያህል ታይፒስት ምን ያስፈራታል!» አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት አጎቴ ለሁለት ቀን የተዋሰውን ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ። እኛ ቤት ውስጥ ስሙ ሁሉን አዋቂ ነው፤ እሱ ፊት ግን አንጠራውም። ስክሪኑን፣ ሲፒዩውን፣ ሁለት ስፒከር፣ አንድ ማዳመጫና አንገቱ እንደ ዘንግ የቆመ አንድ ማይክ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። «እኔ ይሄን ስንቱን ገጣጥሜዋለሁ፣ አትንኩብኝ ብቻ» አለና ሽቦዎቹን ያገኘው ቀዳዳ ውስጥ ሁሉ እየሰካካ ከማብሪያው ጋር መታገል ያዘ። በራ። ድምፅ ግን የለም። መጀመሪያ ሲዲውን ሰደበ፣ ቀጥሎ ስፒከሮቹን ሰደበ፣ በመጨረሻ ጥፋቱን ወደ መብራት ኃይል ወሰደው። ማይኩን ደግሞ «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» እያለ ሲነፋበት ቆየ፤ ከሁለት አላለፈም።

እኔ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። ከሲፒዩው ጀርባ ሦስት ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ሰማያዊ። የስፒከሩ ሽቦ ጫፍ አረንጓዴ ነው፤ አጎቴ ሮዙ ውስጥ ሰክቶታል። የማይኩ ጫፍ ሮዝ ነው፤ አረንጓዴው ውስጥ ገብቷል። ነቀልኩና ቦታ አቀያየርኳቸው። የሰው ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ አጎቴ ከወንበሩ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ።

«አረንጓዴውን ካረንጓዴ፣ ሮዙን ከሮዝ ነው» አልኩ ብቅ ብዬ።

«እኔስ ያልኩት ምን ሆነና!» አለ አጎቴ።

እናቴ ሳቋን አፈነች። ማይኩን አንስቼ «እማ፣ የኔ ቆንጆ» አልኩበት፤ ቀርፆ መልሶ ሲያሰማኝ ግን «ይቺ አፍንጫዋ የታፈነ ልጅ ማናት?» ብዬ ጠየቅሁ። አጎቴ እንደገና ነፍስ ዘርቶ ለአንድ ሰዓት ሳቀብኝ።

በስፒከር ስትሠራ እናቴን ማን ይቻላት! ጠያቂው ይጠይቃል፣ ተጠያቂው ይመልሳል፤ ሁለቱንም እኩል እኩል ታስቀምጣቸዋለች። ጣሪያው የተደረመሰ አንድ መጋዘን ነበር ጉዳዩ፤ የሚጠየቀው የመጋዘኑ ጠባቂ ነው። አጎቴ «አለቀ፣ ደቀቀ! ሥራው ያንቺ ነው» ብሎ ሄደ። ከዚያ ማዳመጫውን ሰካሁላትና ራሷ ላይ አደረገችው።

ከኋላዋ ቆሜ አነባለሁ። «ጥያቄ፦ ጣሪያው ሲወድቅ የት ነበሩ? መልስ፦ (ዝምታ)። ጥያቄ፦ ከእርስዎ ጋር ማን ነበር? መልስ፦ (ዝምታ)።» አንድ ገጽ ሙሉ ጠባቂው ዝም አለ። እናቴ ጣቶቿ ቆሙ።

«አሁን እንዴት እንቢ አለ ይሄ ሰውዬ?» አልኳትና ማዳመጫውን ከራሷ ላይ ወስጄ አጠለቅሁት። ሰውዬው ምኑን ዝም ይላል! በግራ ጆሮዬ ይለፈልፋል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ጨዋ ቤተሰቡ ጭምር። ጠያቂው በቀኜ ነው። የተቀረፁት በሁለት ማይክ ነበርና አንዱ በአንድ በኩል፣ ሌላው በሌላው በኩል ነው የሚሰሙት። «እማ! ሰውዬው ይመልሳል እኮ!»

እናቴ ማዳመጫውን ተቀብላ ገልብጣ አደረገችው፤ ግራው ወደ ቀኝ፣ ቀኙ ወደ ግራ። ተየበች። አሁን ደግሞ ጠባቂው ሳይጠየቅ መልስ በመልስ ሆነ፤ ጠያቂው ጠፋ። አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። «አንድ ወገኑ ተበላሽቷል» አለች። «በቃ፣ ይቅር።»

ይቅር! እናቴ ይቅር ስትል ሰምቼ አላውቅም። የተናደድኩት በማዳመጫው ነው። እኔ ላይ የሚሠራው እሷ ላይ እንቢ የሚለው ፀጉሯ ብዙ ስለሆነ፣ ሲጫነው ሽቦው ስለሚታጠፍ ነው ብዬ ወሰንኩ። ነጥቄያት ወደ ጋሽ ብሎን ሱቅ ሮጥኩ።

ጋሽ ብሎን የሰፈራችን ራዲዮ ጠጋኝ ናቸው። ሲሠሩ የሚፈቱትን ብሎን በከንፈራቸው ስለሚይዙ ነው ስሙ የወጣላቸው፤ የሚያወሩትም በዚያው ብሎኑን እንደያዙ ነው። ማዳመጫውን ሰክተው ሁለቱንም ወገን ፈተሹና «ደህና ነው፣ ሚጡ» አሉኝ።

«ደህና አይደለም! እናቴ ላይ አይሠራም!»

«እናትሽ ላይ?»

«አዎ! ግራው ዝም ይላል። ስትገለብጠው ደግሞ ግራው ይሰማና ቀኙ ዝም ይላል። ፀጉሯ ስለሚጫነው ነው። ሰኞ ፈተና አለባት፤ እርስዎ ደግሞ ደህና ነው ይላሉ! ካልቻሉ አልችልም ይበሉ!»

እንዲህ ብዬ ነው የተናገርኳቸው፤ ሽበታቸውን እያየሁ። ዛሬ ሳስበው ፊቴን ይፈጀኛል። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ብሎኑን ከአፋቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ብሎን ከአፋቸው ሲወጣ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የተበላሸ ማዳመጫ ቢገለብጡት ያው የተበላሸው ነው ዝም የሚለው፤ የኔ እናት ግን ብትገለብጠውም ባትገለብጠውም የሚጠፋባት በግራ ጆሮዋ በኩል ያለው ነው። ይህ ለእሳቸው ወዲያው ገብቷቸዋል። እኔ አልገባኝም።

«እውነትሽን ነው ሚጡ» አሉኝ። «ብልሽት አለው። ከባድ ብልሽት ነው፤ ግን ይጠገናል። ለናትሽ ነገ ጠዋት ራሴ አመጣዋለሁ በያት።»

አየሽ! አልኩ በሆዴ። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤት ተመለስኩ።

እሑድ ጠዋት መጡ። ከማዳመጫው ሽቦ ጫፍ ላይ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለች፣ ስንዝር የማትሞላ ገመድ ቀጥለውበታል። በር ላይ ቆመው ከእናቴ ጋር በዝግታ ሲነጋገሩ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሏት።

«ከሰባት ዓመቴ። ትኩሳት ነበር።»

«ማን ያውቃል?»

«እግዜር። አሁን ደግሞ እርስዎ።»

«እኔ ምኑን አውቄ! ዓይኔን ግንባር ያርገው» አሉ ጋሽ ብሎን። እናቴ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች፤ እጃቸውን ይዛ «እጅዎ ይባረክ» አለቻቸው።

ጉድ ፈላ! ሰውዬው እናቴን ይወዷታል ማለት ነው፤ እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ በፍቅር ትኩሳት ስትቃጠል ኖራለች። እሷ ሰባት ዓመቷ እያለ እሳቸው የልጆች አባት እንደነበሩ ለማስላት ትዕግሥቱ አልነበረኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጋሽ ብሎንን ሰላም የምላቸው ዓይኔን ወደ ሰማይ አንስቼ ነው። የአባቴን ቦታ ለመጠበቅ ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ እኮ። እሳቸው ግን ሳያቋርጡ «እንደምን ዋልሽ ሚጡ» ይሉኛል።

እሑድን ሙሉ በአዲሷ ገመድ ስትለማመድ ዋለች። ጠያቂውና ጠባቂው አንድ ላይ መጡላት፤ ማንም ዝም አላለም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ ይዛኝ ሄደች። «የገመዱን ነገር የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለችኝ፤ እኔም አምኜ በመንገድ ላይ ማዳመጫውን ራሴ ተሸክሜ ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። ፈተናው ክፍል ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ፣ ሦስት ተፈታኝ አለ። አንዱ ከረባት ያሰረ ጎረምሳ ነው፤ ሌላዋ የምስክር ወረቀቶቿን በፕላስቲክ አቃፊ የያዘች ሴት። ኃላፊዋ ረጅም፣ መነጽራቸውን በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው።

«የለመድኩትን ማዳመጫ ይዤ መጥቻለሁ፤ ይፈቀድልኛል?» አለቻቸው እናቴ።

«ድምፅ ካሰማሽ የፈለግሽውን አድርጊ። ይቺስ ማናት?»

እናቴ ቀጥ ብላ «ቴክኒሻኔ ናት» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሥራ ላይ ነኛ! ጠረጴዛው ሥር ገባሁ፣ የመሥሪያ ቤቱን ማዳመጫ ነቀልኩ፣ የኛን አረንጓዴው ውስጥ፣ ማይኩን ሮዙ ውስጥ ሰካሁ። ስወጣ ልብሴን አራገፍኩና «ዝግጁ ነው» አልኩ። ከረባት ያሰረው ልጅ ማይኩ እንቢ ብሎት ኖሮ «እኅቴ፣ የኔንም እይልኝ» አለኝ። አየሁለት፤ ሮዙንና አረንጓዴውን አቀያይሮ ነበር።

እናቴ በማይኩ ቀኑንና የመዝገቡን ቁጥር ተናገረች፤ ከዚያ ጀመረች። ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ትከሻዋን እመለከታለሁ። መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር፤ የመጀመሪያው መልስ ሲገባላት ወረድ አለ። ከዚያ ጣቶቿ ብቻ ናቸው የሚሰሙት። አርባ ደቂቃ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና አላለችም።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ጨርሳ ማዳመጫዋን አወለቀችና የጻፈችውን ማንበብ ያዘች። ኃላፊዋ በግራዋ በኩል መጥተው ቆሙ። «ጊዜው አልቋል፤ እጃችሁን አንሱ» አሉ። ሁለቱ እጃቸውን አነሱ። እናቴ ማንበቧን ቀጠለች። «አንቺ፣ አልቋል እያልኩ እኮ ነው!» ዝም። የኃላፊዋ ፊት ሲጠቁር አየሁ። ወይ አምላኬ፣ አሁን መኩራት ምን ይባላል! ሮጬ በቀኟ ሄድኩና «እማ፣ አትኩሪ እንጂ፣ ይጠሩሻል!» አልኳት።

እናቴ ብድግ ብላ «ይቅርታ፣ ጽሑፉ ወስዶኝ ነው» አለች። ኃላፊዋ እኔን አዩ፤ እሷን አዩ፤ ሳቃቸው መጣ። «ቴክኒሻንሽ ባለሥልጣንም ናት እንዴ?»

ሦስቱንም ወረቀቶች እዚያው ቆመው አነበቡ። ቀረፃው ውስጥ ጠያቂና ተጠያቂ ተቆጥተው እኩል የሚናገሩበት ቦታ ነበር። ሁለቱ ተፈታኞች «(ሁለቱም በአንድ ላይ ይናገራሉ)» ብለው አልፈውታል። እናቴ ግን የያንዳንዳቸውን ቃል ለይታ፣ መስመር በመስመር አስቀምጣዋለች። ኃላፊዋ መነጽራቸውን አደረጉና እንደገና አነበቡት።

«ይሄን እንዴት ሰማሽው?»

«እኔ ሰው ለመስማት ሁልጊዜ መጣር አለብኝ» አለች እናቴ።

ትሕትና መስሎኝ ነበር። ዛሬ የትልልቅ አዳራሾችን ድምፅ የምዘረጋ ባለሙያ ነኝ፤ ምን እንደሠራች የሚገባኝ አሁን ነው። ሌሎቹ አንዱን ሰው በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ጆሯቸው ለይተው የመስማት ዕድል ነበራቸው። የጋሽ ብሎን ገመድ የሁለቱን ወገን ድምፅ አንድ ላይ ቀላቅላ ነው የምትልከው፤ እናቴ የተቀላቀለውን በአንድ ጆሮዋ ፈልቅቃ ለየችው። በከባዱ መንገድ ሄዳ ነው የቀደመቻቸው።

ሥራው የሷ ሆነ። ሰፈር ስንደርስ ላገኘሁት ሁሉ «እኔ ነኝ የጠገንኩላት» አልኩ። አጎቴም «ማን አስተማራትና!» አለ።

እውነቱን የነገረችኝ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። የግራ ጆሮዋ ጨርሶ አይሰማም። ልጅ እግር እያለች አንድ አለቃዋ በግራዋ ቆሞ ያነበበላትን ሳትሰማ ቀርታ፣ «ከደንቆሮ ጋር አልሠራም» ብሎ አባሯታል። ከዚያ ወዲያ ለማንም ላለመናገር ማለች። ያን ቀን አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ ጋሽ ብሎን ሱቅ ሄድኩ፤ «ይቅርታ» አልኳቸው። ብሎኑን ከአፋቸው አውጥተው «የምን ይቅርታ፣ ሚጡ? በእናትሽ ጉዳይ እንዲያ ነው መጣላት» አሉኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሠራች። በጡረታዋ ቀን ሽኝቱ በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ሆነ፤ ድምፁን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። እናቴ ማይኩ ፊት ቆመችና ከቦርሳዋ ያቺን ገመድ አወጣች። ፕላስተሩ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፤ ገመዷ ግን ያችው ናት።

«የግራ ጆሮዬ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አይሰማም» አለች። «እዚህ የሠራሁት ሁሉ በአንድ ጆሮ ነው።»

የቀድሞዋ ኃላፊ እሳቸውም ጡረታ ወጥተው በከዘራ መጥተው ነበር፤ ከፊት ወንበር «አንቺ! ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«ብነግርዎት ኖሮ ዛሬ ማንን ይሸኙ ነበር?»

ሳቅ ሆነ። ከዚያ ኃላፊዋ ሳቃቸውን አቁመው አንገታቸውን ደፉ፤ ጥቂት ቆይተው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና አጨበጨቡ። ሁሉም ተከትሏቸው ተነሣ። እናቴ በጣቷ ወደኔ አመለከተች። «ቴክኒሻኔ ያቺውላችሁ» አለች። «ገመዷን የሠሯት አንድ ደግ ሰው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሱቃቸው ድረስ ሄዳ የተጣላችልኝ ግን እሷ ናት።» ሁሉም ዞሮ አየኝ። አሥር ዓመቴ ላይ ያለ እውቀት ተኩራርቼ ነበር፤ ያን ቀን ግን እያወቅሁ ኮራሁ።

ወደ ቤት ስንሄድ እንደ ልማዴ በቀኟ ነበርኩ።

«ኮርቼብሻለሁ፣ እማ» አልኳት።

«ምን አልሽ? አልሰማሁም፤ ድገሚው» አለች፤ ከንፈሯ ላይ ግን ፈገግታ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሳትሰማ የሰማች ስትመስል ኖራ፣ ያን ቀን ሰምታ ያልሰማች መሰለች። ደግሜ፣ ጮክ ብዬ ነገርኳት።